ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት እና ቅጣት አንድ ናቸው እንዴ? (ልጄም ግራ አጋብቶኛል)

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነኝ፣ ዊኬንድ ነው የምማረው፣ ቅዳሜ የሳይኮሎጂ ሚድ አለብን። መምህራችን ቢሄቪየሪዝምንና (ባህሪ ከአካባቢ የሚለመድ ነው የሚለውን) ሶሻል ለርኒንግን (ሌላውን አይቶ መማርን) በአንድ ቀን ጠራርጎ ጨርሶ ሞጁሉን አንብቡ ብሎን ሄደ፣ ሞጁሉ ደሞ ፎቶኮፒው ደብዝዞ ግማሹ አይነበብም። ፓቭሎቭ ገብቶኛል፣ ምግብ ሳያይ ደወሉን ሲሰማ ብቻ ምራቁ የሚመጣው ውሻ፣ እሺ። እኔም ሙቀጫ ሲወቀጥ ስሰማ ገና ጀበናው ሳይጣድ የሚሆነኝ እሱው ነው። ባህሪ በሚያስከትለው ውጤት ይለወጣል ያለው ስኪነር ላይ ነው የጠፋሁት፣ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ቅጣት አይደለም እንዴ? ኔጌቲቭ ሲሉኝ መጥፎ ነገር ነው የሚመስለኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤት ነው። 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ አለኝ፣ ባለፈው ወር ኮምቦልቻ እህቴ ጋ በሚኒባስ ይዤው ስሄድ ሀረጎን ወርደን እስክንጨርስ ዓይኑን ከረዳቱ ላይ አልነቀለም። ከዛ ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። አንድ ቀን ጠዋት የሳሎኑን በር በመዳፉ እየደበደበ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው! ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል፣ ታናሽ እህቱን ሂሳብ አልከፈልሽም ብሎ ገፈተራት። እኔም ተናድጄ «ሰው አይመታም!» ብዬ በጥፊ አልኩት። ወላሂ ማንም አላስተማረውም፣ ማንም ከረሜላ አልሰጠውም፣ ታዲያ ያለ ሽልማት እንዴት ተማረው?

ቦርከና፦
ሃሃሃ ገና ስምንት ሰው ሲጎድል ነው «አንድ ሰው የቀረው» የሚባለው፣ እሱንም ከያዘ ሙያውን ጨርሷል።

ወደ ጥያቄሽ፣ ኔጌቲቭ ስትይ መጥፎ ብለሽ አታንብቢው፣ የሂሳብ መቀነስ ነው፣ አንድ ነገር ይነሳል፣ ፖዘቲቭ ደሞ መደመር፣ አንድ ነገር ይጨመራል። ሪኢንፎርስመንት (ማጠናከሪያ) ከሆነ ባህሪው ይጨምራል፣ ፐኒሽመንት (ቅጣት) ከሆነ ባህሪው ይቀንሳል፣ በቃ። እናንተ ደሴዎች መቼስ ብርድ ታውቃላችሁ፣ ማታ ሲሰረስርሽ ጋቢ ትደርቢያለሽ፣ ብርዱ ይለቅሻል፣ ነገም ሲመሽ ጋቢውን ትፈልጊያለሽ። ደስ የማይል ነገር ተነሳልሽና መደረቡ ጠነከረ፣ የቀጣሽ ሰው የለም።

ፈተና ላይ ሰው የሚሳሳተው ግን ይሄ ነው፦ ልጅ ሱቅ በር ላይ ብስኩት ብሎ ያለቅሳል፣ እናት ትገዛለታለች። የልጁ ማልቀስ በብስኩቱ ተጠናከረ፣ ይሄ ፖዘቲቭ ነው። የእናትየው መግዛት ደሞ ለቅሶው ስለቆመላት ተጠናከረ፣ ይሄ ኔጌቲቭ ነው። በአንድ ብስኩት ሁለቱም ሰለጠኑ ማለት ነው፣ የምትገዛው እናት ራሷ እየተማረች እንደሆነ አይታወቃትም። ዘጠኝ ጊዜ እምቢ ብለሽ አስረኛው ላይ ከገዛሽለት ደሞ ባሰ፣ አንዳንዴ ብቻ የሚሸለም ባህሪ ቶሎ አይጠፋም፣ ፌርስተርና ስኪነር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰፊው ያሳዩት ነው። ቤቲንግ ቤት ከሚውሉ ጓደኞቼ የተማርኩትም እሱን ነው።

ሸዋ በር፦
እኛ በበርበሬ ጭስ ታጥነን፣ በአለንጋ ተገርፈን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን? ልጅ ካልተቆነጠጠ አይታረምም፣ የፈረንጅ ወሬ ነው ይሄ ሁሉ።

ጡረተኛ መምህር፦
የእኔ ልጅ አብሽሪ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰው የግድ ራሱ ተሸልሞ ነው የሚማረው የሚለውን ሀሳብ ያናወጠው ባንዱራ የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረ መዋዕለ ህፃናት 72 ልጆችን ወሰደ፣ ቦቦ የሚባል በአየር የተነፋ፣ ሲመቱት ወድቆ የሚነሳ አሻንጉሊት ነበር። 24ቱ ልጆች አንድ ትልቅ ሰው አሻንጉሊቱን በእንጨት መዶሻ ሲደበድበው፣ ሲጮህበት አዩ። ሌሎቹ 24 ሰውየው አሻንጉሊቱን ሳይነካ በሌላ መጫወቻ ሲጫወት አዩ፣ የቀሩት 24 ምንም አላዩም። ኋላ ለብቻቸው ሲገቡ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ምቱንም ቃሉንም ደገሙት፣ ሽልማት የሰጣቸው የለም።

ለልጅሽ ጉዳይ ግን በ1965 ያወጣው ነው ይበልጥ የሚጠቅምሽ። ልጆቹ ፊልም አዩ፣ አንዳንዶቹ የመታው ሰው ሲሸለም፣ አንዳንዶቹ ሲቀጣ፣ አንዳንዶቹ ምንም ሳይደረግ። ሲቀጣ ያዩት ያንን ድርጊት ብዙም አልደገሙትም። ቆይቶ ያያችሁትን ብታሳዩን ስጦታ አለ ሲባሉ ግን ሁሉም እኩል አሳዩት! አውቀውታል፣ ደብቀውት ነው እንጂ። ያንቺም ልጅ ሳምንት ሙሉ ዝም ሲል ያልያዘው መስሎሽ ነበር። ባንዱራ አራት ነገር ይላል፦ ልብ ብሎ ማየት፣ መያዝ፣ ማድረግ መቻል፣ ምክንያት ማግኘት። ረዳቱን አፍጥጦ አየ፣ ሳምንት ያዘ፣ በር የሚደበድብ መዳፍ አለው፣ ምክንያቱን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ምናልባት እህቱ ስቃለት ይሆናል።

ለሚዱ ግን ባንዱራ ማጠናከሪያን ጣለ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ሌላው ሲሸለም ወይም ሲቀጣ ማየትም ይሠራል ነው ያለው። ከእሱ በፊትም በ1941 ሚለርና ዶላርድ ስለ መቅዳት ጽፈዋል፣ እነሱ ግን መቅዳቱ ራሱ መሸለም አለበት ባዮች ነበሩ፣ ጥያቄ ሆኖ ከመጣ ልዩነቱ እሱ ነው። ፓቭሎቭም ኖቤሉን በ1904 ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው፣ በውሻውና በደወሉ ብለሽ እንዳትስቺ።

ወንድሜ ሸዋ በር፣ እኔም በክፍል ውስጥ አለንጋ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ አልዋሽህም። ዝም ይሉልኝ ነበር፣ እኔ ከክፍል ስወጣ ግን የክፍል አለቃው ያንኑ አለንጋ አንስቶ እንደ እኔ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይገርፋቸው ነበር፣ አቋቋሜን ሳይቀር።

ሸዋ በር፦
እሺ ጋሼ፣ ይሄኛውን እንኳ አላሰብኩትም።

የሆጤዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቦርከናም። ሚዱን ተፈተንኩ፣ የጋቢውን ምሳሌ ነው የጻፍኩት። ጥፊዬ ትዝ ሲለኝ ግን አፍራለሁ፣ «ሰው አይመታም» እያልኩ ስመታ ቆሞ እያየኝ ነበር።

ትናንት ሱቅ በር ላይ ብስኩት ብሎ ተንከባለለ፣ እኔም ያነበብኩትን ይዤ ቻል አደረግኩት፣ ለቅሶው ባሰ፣ ሰው ቆሞ አየን፣ አሁንም ቻል አደረግኩት፣ ዝም ሊል ትንሽ ሲቀረው ባለሱቁ «ኧረ ምስኪን» ብሎ በነፃ አንድ ማስቲካ አስጨበጠው።

ቦርከና፦
ባለሱቁንም ሞጁሉን አስነብቢው እንግዲህ 😂