አዲስ መርማሪ ነኝ፤ መዝገቤ ከዐቃቤ ሕግ እንዳይመለስ ምን ልጠንቀቅ?

ጀማሪ ኮንስታብል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ከፓትሮል ወደ ወንጀል ምርመራ ተዛውሬያለሁ። መርማሪ ጥቂት ስለሆነ አቤቱታ ተቀባዩም፣ ተጠርጣሪ ያዡም፣ ችሎት አቅራቢውም ያው አንድ ሰው ነው። መዝገብ በብዛት "ይሟላ" ተብሎ የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው? ሽማግሌ ልኮ "በእርቅ ይለቅ" ለሚለውስ ምን ይባላል? ለማዕረግ ዕድገት ከአሁኑ የማዘጋጀው ነገር ካለም ታላላቆቼ ምከሩኝ።

ዋና ሳጅን በምርመራ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ያዝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተቀመጠው 48 ሰዓት የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት ነው፤ ጣቢያ ደርሶ ከተመዘገበበት አይደለም። የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቀነስም፤ ዓርብ ማታ 1 ሰዓት የያዝከው እሑድ ማታ 1 ሰዓት ይሞላበታል። ተረኛ ዳኛ ማን እንደሆነ ዓርብ ከቢሮ መውጫ በፊት የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቅ። በዕለት ሁኔታ መዝገቡ (ጣቢያው የየዕለቱን ክስተት በሚጽፍበት) እና በምርመራ መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት አንድ መሆኑንም አረጋግጥ፤ ከተለያየ ጠበቃው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ተጠርጣሪውን ይዘህ ለመመርመር ተጨማሪ ቀጠሮ ፍርድ ቤቱን ስትጠይቅ "ምርመራው ስላልተጠናቀቀ" ብለህ አትለፍ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚሰጥህ ከ14 ቀን አይበልጥም። የማንን ቃል እንዳልተቀበልክ፣ የትኛው የሐኪም ማስረጃ እንዳልደረሰ ለይተህ ጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ዝርዝር ይዘህ ከቀረብክ ዳኛው ዋስ ቢፈቅድ አይገርምም።

የተጠርጣሪ ቃል ስትቀበል ያለመናገር መብቱን እንደነገርከው ከቃሉ በላይ ስፈር፣ አንብብለት፣ በየገጹ አስፈርመው። ስርዝ ድልዝ ካለ እዚያው ጎኑ ላይ ይፈርም። አምናለሁ ካለ በዚያው ቀን በዚሁ ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት ዳኛ ፊት ቃሉን አስመዝግብ፤ ካልሆነ ችሎት ላይ "ተገድጄ ነው" ማለቱ አይቀርም።

ከዐቃቤ ሕግ ወገን፦
ብዙ መዝገብ የሚወድቀው በብርበራና በኤግዚቢት (በማስረጃነት በተያዘ ዕቃ) ነው። ፍርድ ቤት በግልጽ ካልፈቀደ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊትም ሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቤት አይበረበርም። የደረጃ ምስክሮቹ፣ ማለትም ብርበራውን እንዲታዘቡ የሚቆሙት ሰዎች፣ ዕቃው ሲገኝ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ጣቢያ ተጠርተው የሚፈርሙ ምስክሮች መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ ዕቃው ከየትኛው ክፍል እንደወጣ መናገር ያቅታቸዋል፤ ያኔ ክሱ አለቀለት።

የተሰረቀ ስልክ ስትይዝ "አንድ ሳምሰንግ ሞባይል" ብለህ አትመዝግብ። *#06# ስትደውል የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ጻፍ፤ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለቱንም። ከዚያ ተበዳዩ ካርቶኑን ያምጣና አስተያየው። የተሰነጠቀ ስክሪን፣ የከቨር ቀለም፣ ያለበት ምልክት ሁሉ ይስፈር። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር አስረካቢና ተረካቢ ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙ።

ከሴቶችና ሕፃናት ምርመራ፦
ስለ ሽምግልናው እኔ ልመልስ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ዘመድ ነውና ጫናው ከባድ ነው፤ ግን መልሱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556(1) ያለው ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳይ አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው፤ አቤቱታውም በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እንዲህ ባለው ጉዳይ ተበዳዩ ራሱ፣ ሽማግሌ ሳያጅበው፣ ትቻለሁ ካለ ቃሉን ተቀበልና መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ላክ። ጣቢያ ላይ አትዝጋው፣ ሥልጣኑ የለህም። አንቀጽ 555 ላይ ያለው ከባድ የአካል ጉዳትና አስገድዶ መድፈር ግን በእርቅ አይቆሙም።

የተደፈረች ከመጣች ቃሏን በዝርዝር እስክትጨርስ አታቆያት። መሠረታዊውን ብቻ ያዝና ወዲያው ከሴት ባልደረባ ጋር ወደ ሆስፒታል በደብዳቤ ላካት፤ ልብሷንና ገላዋን እንዳትታጠብ ንገራት። ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይታሸግ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ናሙናውን ያበላሸዋል። ዕድሜው ከ9 እስከ 15 የሆነ ልጅ ተጠርጥሮ ከተያዘ ደግሞ ከአዋቂ ጋር እንዳታሳድረው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 172 ወዲያው በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ይወሰድ ነው የሚለው።

ዋና ሳጅን በምርመራ፦
ዕድገቱን ረስቼው ነበር። ምርመራ መግባት በራሱ ማዕረግ አያስጨምርም። ከኮንስታብል ወደ ረዳት ሳጅን ስትታጭ የቆይታ ጊዜህ፣ የሥራ አፈጻጸምህና የዲሲፕሊን ሁኔታህ ይታያል። የሥልጠና ሰርተፍኬት ባገኘህ ቁጥር ኮፒውን ለሰው ኃይል አስገባና ገቢ የተደረገበትን ቁጥር በራስህ ማስታወሻ ያዝ፤ ከዞን ወደ ዞን ስትዛወር ማህደር ተጓድሎ የሚደርስበት ጊዜ አለ።