ቦርከና ዳር የለካሁት መሬት ሁለት መልስ ሰጠኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ለውኃ ጉድጓድ ብለን መሬት ውስጥ ኮረንቲ እየላክን የኤሌክትሪክ ልኬት ሠርተን ነበር። ገመድ ስንጎትት ዋልን። የደረቀው አፈር ኮረንቲ አላሳልፍ ሲል የብረት ዘንጎቹ ሥር በጀሪካን ውኃ እያፈሰስን ነው የለካነው። ማታ ደሴ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳስገባው ግራ ገባኝ። መሃል ያለው የመሬት ንብርብር ውፍረቱ 10 ሜትር፣ ኮረንቲ የመከልከል አቅሙ 20 ኦም ሜትር ቢሆንም ከልኬቱ ጋር ይገጥማል፤ 5 ሜትርና 10 ኦም ሜትር ቢሆንም ይገጥማል። የትኛውን ልመን? ገበሬዎቹ መልስ እየጠበቁኝ ነው።

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ስሌትህ አልተሳሳተም። 10ን ለ20፣ 5ን ለ10 አካፍል፤ ሁለቱም 0.5 ነው። ኮረንቲ በደንብ የሚያሳልፍ ቀጭን ንብርብር በማያሳልፉ ሁለት ንብርብሮች መሃል ሲገባ፣ ከላይ ሆነህ የምታገኘው ይህን ድርሻ ብቻ ነው። አጠገብህ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ውፍረቱን ከቁፋሮው መዝገብ ውሰድ። ከዚያ እሱን ሳትነካ ስሌቱን እንደገና አስኪደው።

መልስ 2፦
ከውጤት ወደ መንስኤ ስትሄድ እንዲህ ያጋጥማል። ደግሞ አደራ፣ ዝቅተኛ የኦም ሜትር ቁጥር ሁሉ ውኃ አይደለም። ሸክላ አፈርም ያንኑ ያሳያል፤ ሸክላ ደግሞ ውኃ ቢይዝም አይለቅም።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሸክላውን ጭራሽ አላሰብኩትም። ወንዙን ተሻግሮ አንድ ጉድጓድ አለ፤ ነገ በጠዋት መዝገቡን አያለሁ።