የድሮ የሳይንስ ልቦለድ መጪውን ዘመን አየ ወይስ ገመተ?

ሚዛን፦ የድሮዎቹ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎች «ነቢያት» መባል ይገባቸዋል? እኔ አይገባቸውም ባይ ነኝ። የሚነሣው የሰመረላቸው ብቻ ነው፤ የሳቱትን ማን ይቆጥራል? (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።)

ቀመር፦ ፈረንሳዊውን ደራሲ ዡል ቬርንን የት ልታደርሰው ነው? በ1865 ባሳተመው ልቦለድ ሦስት ሰው ከፍሎሪዳ በመድፍ ወደ ጨረቃ ተኮሰ፤ በ1969 አፖሎ 11 ሦስት ሰው ይዞ ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሣ። የመነሻ ፍጥነቱንም በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ አድርጎታል። ከመሬት ስበት ለመውጣት የሚያስፈልገው 11.2 ነው።

ሚዛን፦ ፍጥነቱን አወቀ እንጂ መድፉ ሰው እንደሚገድል አላሰላም። መድፉ 274 ሜትር ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዛውና ለርዝመቱ እጥፍ አካፍለው፤ የሚመጣው ፍጥንጥነት የመሬት ስበት 22,000 እጥፍ ነው። 70 ኪሎ ሰው 1,500 ቶን ሆነ ማለት ነው! ግፊቱን ያበርዳል ብሎ ከእግራቸው ሥር ውኃ አኑሯል፤ ለዚህ ግፊት ያ ምኑም አይደል። አፖሎን ያስወነጨፈው ሮኬት ሳተርን 5 ግን ፍጥነቱን በደቂቃዎች ስላጠራቀመ ጠፈርተኞቹ የቻሉት 4 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

ቀመር፦ ሮኬትማ እሱም ጋ አለ፤ ጨረቃ ላይ ሲያርፉ ፍሬን እንዲሆን። በ1903 የሮኬትን ቀመር ያሳተመው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፂዮልኮቭስኪም መነሻዬ ቬርን ነው ብሏል።

ቱቦ፦ የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊውን አርተር ክላርክንም ጨምሩ። በ1945 ሦስት ሳተላይቶች በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቢቀመጡ ዓለምን በሬዲዮ ያዳርሳሉ አለ። በ1964 ሲንኮም 3 የተባለው ሳተላይት እዚያው ምሕዋር ላይ ተቀመጠ።

ሚዛን፦ እሱ የቴክኒክ መጽሔት ጽሑፍ እንጂ ልቦለድ አይደለም።

ቱቦ፦ እውነት ነው፣ ተቀበልኩ። ግን ለክርክርህ የሚጠቅመው ስሕተቱ ነው። ጣቢያዎቹ ሰው ይኖርባቸዋል ብሎ ነበር፤ የቫኩም ቱቦ (የዘመኑ ሬዲዮና ኮምፒውተር የሚሠራበት፣ አምፖል መሳይ ዕቃ) ሲቃጠል የሚቀይር ያስፈልጋላ። ኤኒያክ የተባለው የጥንት ኮምፒውተር ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች ነበሩት፣ ክብደቱም 30 ቶን አካባቢ። ቱቦውን የተካው ትንሹ ትራንዚስተር በ1947 ሲመጣ ቱቦ ቀያሪው ሥራ ፈታ። ልቦለዶቹም ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ውስጥ መሐንዲሱን የስሌት ማስመሪያ (በእጅ እያንሸራተቱ የሚያሰሉበት) አስይዘውታል፤ ያነሰው ኮምፒውተር አልታያቸውም።

ቀመር፦ የሚበር መኪናስ? እሱ ያልመጣው ሕግ ስላልፈቀደ ነው።

ሚዛን፦ ከሕጉ በፊት ጉልበቱ አለ። 1,000 ኪሎ ተሽከርካሪ በ10 ካሬ ሜትር ማራገቢያ ባለበት ለመንሳፈፍ፣ ብክነት ባይኖር እንኳ 200 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል፤ ከብክነቱ ጋር 280 በለው። መሬት ላይ በሰዓት 100 የሚሄድ መኪና 20 ገደማ ይበቃዋል። በኪሎ 250 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 300 ኪሎ ብትጭን 75 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ በ16 ደቂቃ ያልቃል።

ቀመር፦ ክንፍ ቢኖረውስ?

ሚዛን፦ አየር ላይ ከሆነ በኋላ ፍጆታው በጣም ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ሲነሣና ሲያርፍ ግን ያው 280 ነው፤ ክንፉንስ መንገድ ላይ የት ታጥፈዋለህ?