19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን፦ የናሽናልስ ዓመት አልቋል ወይስ አላለቀም?

አወያይ፦ ዛሬ አርብ ነው፣ ሜይ 24, 2019። የቤዝቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ናሽናልስ ኒው ዮርክ ሄዶ በሜትስ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ተመልሷል። ከ50 ጨዋታ 19 አሸንፏል፣ 31 ተሸንፏል። የቀረው 112 ነው። ዓመቱ አልቋል? ካለቀ ኮከቦቹን ሸጦ ለወደፊት መዘጋጀት ይሻላል? ስድብ አይፈቀድም። ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አልቋል። የምወደው ቡድን ስለሆነ ነው እውነቱን የምናገረው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አምና ናሽናል ሊግ ውስጥ ሁለተኛውን ዋይልድ ካርድ፣ ምድቡን ያላሸነፈ ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) የሚገባበትን ቦታ፣ የወሰደው ኮሎራዶ 91 ጨዋታ አሸንፎ ነው። እኛ 90 ለመድረስ ከቀሩት 112 ውስጥ 71 ማሸነፍ አለብን። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ልክ የሚያሸንፍ ቡድን 102 ወይም 103 ላይ ይጨርሳል። በሊጉ ምርጥ ቡድን ነው ማለት ነው። እስካሁን ያየነው ቡድን እንደዚያ ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እስካሁን ያየነው ቡድን ሙሉ አልነበረም እኮ! ትሬ ተርነር ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ጣቱ ተሰብሮ የተመለሰው ባለፈው ሳምንት ነው። አንቶኒ ሬንዶን ክርኑን ተመትቶ ወጣ። ሁዋን ሶቶን ጀርባው አስቀመጠው። ዚመርማን አሁንም የለም። የሚመቱልን ሰዎች አንድ ላይ የተሰለፉት ገና አሁን ነው። ኳስ ወርዋሪዎቹን ደግሞ ተመልከት፦ ሸርዘር፣ ስትራስበርግ፣ ኮርቢን። ከአምስት ቀን ሦስቱን በእነዚህ የሚጀምር ቡድን እንዴት ሞተ ይባላል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እህቴ፣ ጨዋታውን የሚጀምሩት ወርዋሪዎች ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚገድለን ከእነሱ በኋላ የሚገባው ነው። ቡልፔኑ፣ ማለትም እነሱን የሚተኩት ወርዋሪዎች፣ ከሠላሳዎቹ ቡድኖች የመጨረሻው ነው። ረቡዕ ሸርዘር ስድስት ኢኒንግ (ዙር) ምንም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ። 1 ለ 0 እየመራን ስምንተኛው ኢኒንግ መጣ። 6 ለ 1 ተሸነፍን። ትናንትም በዚያው በስምንተኛው 4 ለ 3 መራን፤ የሜትሱ ካርሎስ ጎሜዝ በሦስት ነጥብ ሆምራን (ኳሱን ከሜዳ አውጥቶ በመምታት) ገለበጠን። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ደግሞ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ተባሮ ነበር።

ኡበር ነጂው፦ የረቡዑን እኔም መኪና ውስጥ በሬዲዮ ሰማሁት። የቆጨኝን ልንገራችሁ። ሆምራን የመታው የሜትሱ ራጃይ ዴቪስ በዚያው ቀን ነው ከታችኛው ሊግ የተጠራው። ከፔንሲልቬንያ በኡበር መጥቶ ሜዳ ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ተቀይሮ ገባና ዱሊትልን መታው። ዱሊትል የጨዋታውን መጨረሻ የሚወረውር ምርጡ መዝጊያችን ነው! እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስብህ ዕድልም ጠልታሃለች ያሰኛል። ግን ዕድል ይገለበጣል። ስለዚህ እኔ አላለቀም እላለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ወንድሜ፣ አራት ቀን ሙሉ የተሸነፍከውን ዕድል አትለውም። ሰኞ 5 ለ 3፣ ማክሰኞ 6 ለ 5። ሁሉም የተቀራረበ ነበር፣ ሁሉም ከእጃችን ወጣ። ይህ የቡልፔን ድክመት ነው። የወርዋሪዎቹን አሰልጣኝ በሜይ መጀመሪያ አባረው ምን ለወጡ?

የፎልስ ቸርቹ፦ በዚህ ወር ሊቨርፑል ምን እንዳደረገ ረሳችሁ? በባርሴሎና 3 ለ 0 ተሸንፎ አንፊልድ ላይ 4 ለ 0 አሸነፈ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እሱ አንድ ሌሊት ነው። አንድ ሌሊት ማንም ማንንም ያሸንፋል። ቤዝቦል 162 ጨዋታ ነው፣ ድክመት አይደበቅበትም።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እንግዲያው ረጅሙን ምሳሌ እኔ ላምጣ። ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጃንዋሪ 3 ላይ ከመላው የሆኪ ሊግ የመጨረሻው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ለስታንሊ ካፕ ፍጻሜ አለፈ። ሆኪ አልፈልግም ካልክ ቤዝቦል ውስጥ እንግባ። በ2005 ሂዩስተን አስትሮስ 15 አሸንፎ 30 ተሸንፎ ነበር። ከእኛ የባሰ! አንድ የሂዩስተን ጋዜጣ የቡድኑን መቃብር ድንጋይ ሥሎ አወጣ። እነሱ ግን 89 አሸንፈው በዋይልድ ካርድ ገቡ፤ ለቤዝቦሉ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። በምን? ጨዋታ በሚጀምሩ ወርዋሪዎች። ክሌመንስ፣ ፔቲት፣ ኦስዋልት ነበሯቸው። እኛም ሦስት አለን። የእኔ ክርክር ይኸው ነው። ተስፋ ብቻ ይዤ አይደለም የመጣሁት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን የአስትሮስን ስም የምናስታውሰው ብርቅ ስለሆነ ነው። እንዲህ ጀምረው እዚያው የቀሩትን ማን ይቆጥራል? ደግሞ አስትሮስ ብራድ ሊጅን የመሰለ መዝጊያ ነበራቸው። እኛ ከዱሊትል በፊት ያሉትን ሁለት ኢኒንጎች በማን እንሻገር? የሬንዶን ውል ዘንድሮ ያልቃል። ጁላይ 31 ካለፈ መሸጥ አይቻልም፤ በፊት በኦገስትም መሸጥ ይቻልበት የነበረው መንገድ ዘንድሮ ተዘግቷል። ብራይስ ሃርፐር በ330 ሚሊዮን ዶላር ለ13 ዓመት ፊላደልፊያ ሄደ፤ እኛ አዲስ ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ዕድል ብቻ ቀረልን። ሬንዶንም እንደዚያ ይሂድ?

ጋሼ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ይህ ከተማ ከ1971 በኋላ እስከ 2005 ድረስ የራሱ ቤዝቦል ቡድን አልነበረውም። ሴናተርስ ወደ ቴክሳስ ሄዱ፣ ከተማው ባዶ ቀረ። የቤዝቦል ዋንጫ ደግሞ ከ1924 ወዲህ አላየም። ናሽናልስም በ2012፣ በ2014፣ በ2016፣ በ2017 ፕሌይኦፍ ገብተው አንዱንም ዙር አላለፉም። አሁን በሜይ ወር ሸጠናል ካሉት፣ ሰው ልጁን ይዞ ናቪ ያርድ ወዳለው ሜዳችን ለምን ይወርዳል? ሸርዘር በየአምስት ቀኑ ነፍሱን ሰጥቶ የሚወረውር ሰው ነው። እሱን እያየሁ አልቋል ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ሸርዘርን ሽጡ አላልኩም። እሱ እስከ 2021 ውል አለው። እኔ የምለው ሬንዶንን ነው። እርስዎ ስለ ፍቅር ነው የሚነግሩኝ፣ እኔ ስለ ቡልፔን እየጠየቅኩ ነው።

ጋሼ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፦ ቡልፔን ይገዛል፣ ልጄ። ለመግዛትም ለመሸጥም ቀኑ ያው ጁላይ 31 ነው። ለምን መሸጥ ብቻ ታየህ?

ኡበር ነጂው፦ ጋሼ ጥሩ አሉ! እያንዳንዱ የሚሸጥ ቡድን መጀመሪያ የሚሸጠው ቡልፔኑን ነው። የሬንዶን ዓይነት ሰው ግን በገበያ አይገኝም።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እስከዚያ ግን በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ጋር እስማማለሁ። ጁን ላይ እንደ ሜይ ከተጫወቱ ለመግዛት ምክንያት አይኖርም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ማያሚ በሜዳችን አራት ጨዋታ አለው። ማያሚ ከእኛም ይብሳል። ከአራቱ ሦስት ካሸነፍን ሐሳብህን ትለውጣለህ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ በማያሚ አልለወጥም። ማያሚን ሁሉም ያሸንፋል። ጁን መጨረሻ ላይ ከተሸነፉት ያሸነፉት ከበለጠ ያኔ እንነጋገር። ዛሬ ማታ ግን ሜዳ እሄዳለሁ፣ ትኬቴን ገዝቻለሁ። ጋሼ፣ ከመጡ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።