ሰንጠረዥ የበዛበት ጽሑፍ በምን ልሥራ፣ የት ላሳትም? የእኔ ጥቆማ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በደረሰ ቁጥር የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ቤት ያማረው ሰንጠረዥ ኮፒ ቤት ሲከፈት ለምን ይበላሻል? እኔም አምና የእህቴን ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ኮፒ ቤት ገብቼ ስለተቃጠልኩ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የኮፒ ቤቱ ልጅ የማይክሮሶፍት ወርዱን ፋይል ከፈተና ሳያሳየን ሦስት ቅጂ አተመ። የበጀቱ ሰንጠረዥ ሰባት ዓምድ ነበረው፤ ከ«ተ.ቁ.» ይጀምርና በ«ምርመራ» ያልቃል። ወረቀቱ ላይ «ምርመራ» የሚባል ነገር የለም። «ጠቅላላ ዋጋ» ደግሞ ግማሹ ተቆርጦ 45,000 የነበረው 45,0 ሆኗል። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች። ከፍለን ወጣን።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ጽሑፉ የተሠራው ኒያላ በሚባል የአማርኛ ፊደል (ፎንት) ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው ካልጫኑት የለም። በሌለበት ኮምፒውተር ኢብሪማ ወይም ሌላ ፊደል ይተካዋል። ኒያላ ጠበብ ያለ ስለሆነ የተተካው ሲሰፋ ዓምዶቹም አብረው ሰፉ፣ ሰንጠረዡ ከወረቀቱ ወጣ። በድሮው፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ፊደሉ የሌለበት ማሽን ላይ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የምታዩት።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ፦ ለኮፒ ቤት ወርድ አትስጡ። ፒዲኤፍ ስጡ። ፒዲኤፍ ፊደሉን አብሮ ይዞ ስለሚሄድ ቤት ያያችሁት እዚያም ያው ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ ገጹን ስክሪንሾት አንስቶ እንደ ፎቶ የሚልክ አይቻለሁ፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል።

በምን ልሥራ ለሚለው፣ ለረጅም ሰንጠረዥ እኔ ማይክሮሶፍት ወርድን እመርጣለሁ። መግዛት ለማይችል ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ ፒዲኤፍም በደንብ ያወጣል። ብቻ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሥሩ። ግማሹን በወርድ፣ ግማሹን በሊብሬኦፊስ ካላችሁ የዓምዱ ስፋት ይናጋል። ጎግል ዶክስ ከአማካሪ ጋር አብሮ ለማረም ግሩም ነው፤ ብዙ ዓምድ ላለው ሰንጠረዥ ግን አልመክረውም። ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውን የጽሑፍ መተግበሪያ ስልክ ላይ ለማንበብና ቃል ለማረም ተጠቀሙበት፣ ሰንጠረዥ አትንኩበት። ለፊደል ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው።

አሁን ወርድ ላይ ያሉትን በሽታዎች ልንገራችሁ። ሰንጠረዡ ከገጹ ከወጣ ውስጡ ገብታችሁ ሌይአውት፣ ኦቶፊት፣ ከዚያ ኦቶፊት ዊንዶው በሉት፤ ወደ ገጹ ስፋት ይገባል። ዓምዱ በጣም ከበዛ ያንን ገጽ ብቻ ወደ ጎን አዙሩት፤ ከፊቱና ከኋላው ሴክሽን ብሬክ (የክፍል መለያ) ካላስገባችሁ ግን ጽሑፉ በሙሉ ይዞርባችኋል። ርዕሱ በየገጹ እንዲደገም የመጀመሪያውን ረድፍ መርጣችሁ ሪፒት ሄደር ሮውስን ተጫኑ። እምቢ ካለ ቴብል ፕሮፐርቲስ ግቡና ቴክስት ራፒንግ የሚለውን ኖን አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። እዚያው ሮው የሚለው ውስጥ ረድፉ በሁለት ገጽ እንዲከፈል የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። የፊደሉ ራስ ወይም እግር ከተቆረጠ የረድፉ ቁመት ኤግዛክትሊ ሆኖ ይሆናል፣ ወደ አት ሊስት ቀይሩት። ስክሪን ላይ መስመር እያያችሁ ወረቀት ላይ ከጠፋ ደግሞ ያያችሁት ግሪድላይን ነው። እሱ አይታተምም፣ ቦርደር ስጡት። ከሰንጠረዡ በኋላ ባዶ ገጽ ከመጣም እዚያ ያለውን ባዶ መስመር መርጣችሁ መጠኑን 1 አድርጉት። የገጹ መጠን ኤ4፣ ማለትም 21 በ29.7 ሳንቲሜትር መሆኑንም እዩ፤ ብዙ ፋይል ሳይታወቅ ሌተር በሚባለው የአሜሪካ ወረቀት መጠን ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

የት ላሳትም? አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ያሉት የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ለምደውታል፣ ጥራዙንም እዚያው ትጨርሳላችሁ። ሰኔ ላይ ግን ወረፋው አያስቆምም፣ ማንም ቆም ብሎ አያይላችሁም፣ ማልዳችሁ ሂዱ። የሰፈር ኮፒ ቤት ጊዜ ይሰጣችኋል፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፤ ኤ3 (የኤ4 እጥፍ የሆነ ወረቀት) ከፈለጋችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት መጽሐፍና ጋዜጣ በብዛት ለማሳተም እንጂ ለአምስት ቅጂ አይኬድበትም። እኔ ብሆን ሰንጠረዥ ለበዛበት ሥራ የሰፈሩን እመርጣለሁ፣ ለጥራዝ ብቻ ወደ ስድስት ኪሎ እወጣለሁ።

የትም ብትሄዱ ግን ከሁሉም በፊት ሰፊው ሰንጠረዥ ያለበትን አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙ። «ምርመራ» የምትለዋን ዓምድ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ቀሪውን እዘዙ።