ኮምቦልቻ፦ የባንክ ብድር ወለድ እንዲቀነስልኝ መጠየቅ እችላለሁ?

የቦርከና ማዶ

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤቴን አስይዤ 800,000 ብር በ18% ለ5 ዓመት ተበደርኩ። በየወሩ 20,315 ብር እከፍላለሁ፤ 24 ወር ሞልቷል፣ አንድም ጊዜ ቀን አላሳለፍኩም። አሁን እዚያው ባንክ አዲስ ተበዳሪ በ16% እየወሰደ ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ ወለድ ቀንሱልኝ ይባላል? የሚጠየቀውስ ማን ነው? 50,000 ብር የሚሆን በእጄ አለ። በ13% እናበድርሻለን ያለኝ የማይክሮፋይናንስ ተቋምም አለ፣ ወደዚያ ባዞረው ይሻለኛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የብድር ባለሙያ፣ ደሴ

እህቴ፣ ይባላል። መጀመሪያ ውልሽን አውጥተሽ ስለ ወለድ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። አብዛኛው የባንክ ውል “ባንኩ የወለድ ምጣኔውን ሊያሻሽል ይችላል” የሚል ቃል አለው። ለባንኩ ተብሎ የገባ ቢሆንም ወለዱ የተቆለፈ አለመሆኑን ያሳያል፤ ከፍ ማለት ከቻለ ዝቅ ማለትም ይችላል። ይህ ማለት ግን ባንኩ ግዴታ አለበት ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው። ብሔራዊ ባንክም የቁጠባ ወለድ ከ7% እንዳያንስ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ወሰነ እንጂ የብድር ወለድን ለባንኮቹ ትቶታል። ስለዚህ ጉዳዩ ድርድር ነው።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ አይወስንም። ማመልከቻሽን ተቀብሎ የራሱን አስተያየት ጽፎ ወደ ዲስትሪክት (የአካባቢውን ቅርንጫፎች ወደሚመራው ቢሮ) ይልካል፣ ከዚያ እንደ ብድሩ መጠን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው አንቺን አያውቅሽም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በአስተያየቱ ላይ ሊጽፈው የሚችል ቁጥር ስጪው።

ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ቁጥር ተንቀሳቃሽ ሂሳብሽ ላይ የሚያድረው ገንዘብ ነው። ባንኩ ለቁጠባ ቢያንስ 7% ይከፍላል፣ ለትልልቅ የጊዜ ገደብ ተቀማጮች ደግሞ ከዚያ በላይ። በተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላለው ግን ወለድ አይከፍልም፤ ያንን ገንዘብ ነው መልሶ የሚያበድረው። ችግሩ ብዙ ነጋዴ የቀን ሽያጩን ሦስት ባንክ ላይ ይበትነዋል፣ ቀሪውን በሞባይል ይቀበላል፤ ከዚያ አበዳሪው ባንክ ስቴትመንቱን ሲያወጣ ሱቁ ከእውነተኛው በሦስት እጥፍ አንሶ ይታያል። ሽያጭሽን ቢያንስ ለሦስት ወር፣ ቢቻል ለስድስት ወር እዚያው አበዳሪሽ ባንክ አስገቢና ከዚያ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ከባድ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ደብዳቤው ላይ “ገበያው ቀዝቅዞብኛል፣ መክፈል እየከበደኝ ነው” ብለሽ እንዳትጽፊ። እንደዚያ ያለ ማመልከቻ የወለድ ማሻሻያ መሆኑ ይቀርና የብድር ማራዘሚያ ጥያቄ ይሆናል። የተራዘመ ብድር በልዩ ዓይን ይታያል፣ ቀጣዩን ብድርሽንም ያከብድብሻል። አሁን ፋይልሽ ንጹሕ ነው። ክፍያ 30 ቀን ሲያልፈው ብድሩ “ልዩ ክትትል” ውስጥ ይገባል፣ 90 ቀን ሲሞላው ከተበላሸ ብድር ይመደባል። በ2014ቱ ጦርነት ምክንያት የተራዘመ ብድር የነበረው ሰው ካለ ግን ምክንያቱን በአንድ መስመር ጠቅሶ ከዚያ ወዲህ ያለውን አከፋፈል ያያይዝ። ያ ሲታወቅ ይሻላል።

የጊዜውን ሁኔታም እወቂው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14% በላይ እንዳያድግ ገደብ አደረገ፣ በታኅሣሥ 2017 ወደ 18%፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24% ከፍ አድርጎታል። ገደብ ባለበት ከሚበደረው ገንዘብ ተበዳሪው ይበዛል፤ ጥሩ ደንበኛም “አሁን አይቻልም” የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ወደ ሌላ ባንክ መዞርንም ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ያንቺ ዕዳ ለተቀባዩ ባንክ አዲስ ብድር ሆኖ ይቆጠርበታል። አንዴ ብትከለከዪ ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ አቅርቢ።

ሂሳብ ሠራተኛ፣ ፒያሳ

ቁጥሩን ላስላልሽ። በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ወለድ ከሆነ ከ24 ክፍያ በኋላ የቀረሽ ዋና ብድር ወደ 561,900 ብር ነው። የሚቀጥለው ወር ወለድ በ18% 8,429 ብር፣ በ16% 7,492 ብር። ጊዜው ሳይነካ ወለዱ ወደ 16% ቢወርድ ወርሃዊ ክፍያሽ 19,755 ይሆናል። በወር 560 ብር ገደማ፣ በቀሪው 36 ወር 20,000 ብር አካባቢ ይተርፍሻል።

አሁን ያን 50,000 እይው። ወለዱ 18% እንዳለ ሆኖ 50,000ውን ዛሬ ከዋናው ብድር ላይ ብትከፍዪና ወርሃዊውን 20,315 ብትቀጥዪ ብድሩ በ36 ወር ፋንታ በ32ኛው ያልቃል፤ የምታድኚው ወለድ ወደ 33,000 ብር ነው። ማንንም ሳትለምኚ ከ2% ቅናሹ የበለጠ ማለት ነው። ዕቃ መግዣ እስካልሆነ ድረስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም። ግን በጽሑፍ እዘዢ፦ “ከዋናው ብድር ይቀነስ፣ ወርሃዊ ክፍያው እንዳለ ሆኖ የመክፈያ ጊዜው ይጠርልኝ።” ካላዘዝሽ ገንዘቡ ሂሳብሽ ላይ ተቀምጦ በየወሩ እንደ መደበኛ ክፍያ ይቆረጣል፣ ወለዱ ግን አይቀንስም። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለውም ውሉን ቀድመሽ እይ።

ማይክሮፋይናንሱን በተመለከተ 13% በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቂ። ከመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው የሚታሰብ ከሆነ፦ 561,900 በ13% በዓመት 73,047፣ በሦስት ዓመት 219,141 ብር ወለድ። ከዋናው ጋር ተደምሮ ለ36 ሲካፈል በወር 21,696 ብር። አሁን ከምትከፍዪው ይበልጣል! 13 ከ18 ያንሳል ብሎ መፈረም እዚህ ላይ ነው የሚያከስረው። ማዞሩ ራሱም ወጪ አለው፤ የአገልግሎት ክፍያ፣ የቤት ግምት፣ የመያዣ ስረዛና አዲስ ምዝገባ፣ ቴምብር፣ ኢንሹራንስ። እነዚህ ተደምረው 20,000 ከተጠጉ ትርፉ የለም።

ሸዋ በር

ከወለድ ነፃ ወደሆነው ለመዞር ላሰበ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሙራባሃ የዕቃ ግዢና ሽያጭ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልሻል። ያለብሽን የወለድ ዕዳ መክፈያ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ዋጋው ከተፈረመ በኋላም አይለወጥምና የምትደራደሪው ከመፈረምሽ በፊት ነው። ቀድመሽ ስትጨርሺ ከትርፉ ላይ ቅናሽ ቢኖር በባንኩ ፈቃድ ነው። ለሚቀጥለው የቆርቆሮና የብረት ግዢሽ ግን አስቢበት።

የቦርከና ማዶ

አላህ ይስጣችሁ። 50,000ውን እከፍላለሁ። ደብዳቤውን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ “ለረጅም ጊዜ ታማኝ ደንበኛችሁ በመሆኔና ኑሮ በመወደዱ ወለዱ በተቻለ መጠን እንዲቀነስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።” ይሆናል?

የብድር ባለሙያ፣ ደሴ

አይሆንም፣ ይቅርታ። “ኑሮ በመወደዱ” ይውጣ፤ ለሁሉም ተወዷልና ለኮሚቴው ምክንያት አይሆንም። “በተቻለ መጠን” ካልሽ ሩብ ፐርሰንት ቀንሰው ይሸኙሻል። እንዲህ አድርጊው፦

“በብድር ቁጥር … ለወሰድኩት 800,000 ብር ወርሃዊ ክፍያውን 24 ወር ሙሉ ያለ አንድ ቀን መዘግየት ከፍያለሁ። በዛሬው ዕለት ተጨማሪ 50,000 ብር ከዋናው ብድር ላይ ከፍያለሁ። ባለፉት ስድስት ወራት በተንቀሳቃሽ ሂሳቤ የገባው … ብር፣ በአማካይ ያደረው … ብር ነው። ባንኩ አሁን ለተመሳሳይ ብድር የሚሰጠው ምጣኔ 16% በመሆኑ የእኔም ከ18% ወደ 16% እንዲሻሻልልኝ እጠይቃለሁ።”

ስቴትመንቱን፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ አያይዢ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገሽ ያዢው። ቁጥር ከሌለው ደብዳቤሽ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ዲስትሪክት ሄደሽም የምትጠይቂበት ነገር አይኖርሽም። 16% ቢከለክሉሽ ወዲያው “17ስ?” በዪ፤ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ይስማማሉ።

ተፈቅዶልሻል በሚል የቃል መልስ አትመለሺ። የውል ማሻሻያ ተፈርሞ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ ይሰጥሽ። ሲሰጥሽ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እይ፦ ከ50,000 በኋላ ቀሪው 511,900 አካባቢ ከሆነ የዚያ ወር ወለድ በ16% 6,825 ብር ገደማ ነው። ወለዱን በቀን ስለሚያሰሉት ጥቂት ብር ሊለይ ይችላል። 7,679 የሚል ካየሽ ግን ሲስተሙ ላይ ያለው አሁንም 18% ነውና ከመስኮቱ ሳትነሺ አስተካክሉልኝ በዪ።