ማርስ ላይ ሕይወት ፍለጋ፦ ሰው ይሂድ ወይስ ሮቦት ይበቃል?

ሜሮን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዚህ ነገር ጀማሪ ነኝ፣ ጥያቄዬ ካሳቃችሁም ሳቁ። ባለፈው ሳምንት ማታ ወንድሜ ጣራ ላይ አውጥቶ ቀላ ያለች ነገር አሳየኝና «ማርስ ናት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ሳነብ ነው የማመሸው። በፈረንጆቹ 1976 ቫይኪንግ የሚባሉ ሁለት መንኮራኩሮች እዚያ አርፈው ሕይወት ፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ስንት ሮቦት ሄደ! እስካሁን «አለ» ወይም «የለም» ብሎ የቆረጠ የለም። ሰው ሄዶ በዓይኑ አይቶ ቢገላግለን አይሻልም?

ጋሽ ታዬ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ አያስቅም። ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት፣ እኔ ሰው ይሂድ ባይ ነኝ። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ሮቦት 2004 ላይ ማርስ አረፈች። እስከ 2018 ድረስ የሄደችው 45 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ለመድረስ 14 ዓመት ማለት ነው። ባትሠራ ነው አልልም፣ ጀግና ናት። ግን ከምድር «ቁሚ» ሲሏት ቃሉ እስኪደርስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። የአፖሎ 17 ሰዎች ደግሞ 1972 ላይ ጨረቃን በ3 ቀን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱባት። አንደኛው ሃሪሰን ሽሚት የጂኦሎጂ ሰው ነበር። ሲራመድ ጫማው የጫረው አፈር ብርቱካናማ ሆኖ ታየውና እዚያው ቆፍሮ ይዞ መጣ። የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው የብርጭቆ ቅንጣት ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያደርገው ዓይንና እግር አብሮ ያለው ሰው ነው።

ዮናስ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ኢንሳይት የምትባለውን የማርስ ሮቦት ጉድ ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። 2018 ላይ አርፋ፣ ራሱን እንደ ሚስማር እየመታ 5 ሜትር የሚገባ መሣሪያ ነበራት። አፈሩ አልያዝ አለው፣ እየዘለለ ወጣ። በሮቦቱ እጅ ጫን ጫን ቢያደርጉትም እምቢ አለ። 2021 መጀመሪያ ላይ ተዉት። ዶማ የያዘ አንድ ሰው እኮ ከምሳ በፊት ይጨርሰው ነበር!

ቤቲ፦ ሰፈሬ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ እናንተ ማርስ ላይ ውሃ ትፈልጋላችሁ 😂

ዮናስ፦ ቤቲ፣ ብሩ ያንቺ አይደለም፣ ተይን።

ናሆም፦ ዶማውን እቀበልሃለሁ። ዶማውን የያዘው ሰውዬ ግን ምን ተሸክሞ ነው የሚሄደው? የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ደም ስንቀዳ የሕመምተኛው ቆዳ በደንብ ካልተጠረገ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ አድጎ እናገኛለን። ከደሙ ይሁን ከቆዳው እንዴት ትለያለህ? ሰውየው ባልያዘው በሽታ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። ቫይኪንጎችን ከመላካቸው በፊት ከ110 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ለ30 ሰዓት ያህል የጋገሯቸው ለዚህ ነው። ሰውን ግን ምድጃ ውስጥ ከተህ አትልከውም። አንድ ሰው በትሪሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚዞረው። የጠፈር ልብስም ጥቂት ያፈሳል። ከዚያ ማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ ብንባል የማን ነው?

ሜሮን፦ ውይ፣ ይህን አላሰብኩትም።

ከድር፦ ናሆም ያለውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዳሎል ሰው አመላልሳለሁ። የቢጫና አረንጓዴው ኩሬ ዳር መሬቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ስብር ስብር ይላል፣ ሥሩ አሲድ ነው፣ ጫማ ይበላል። አንዴ ተመራማሪዎች ወሰድኩ። ጓንት በጓንት ላይ ደርበዋል። ጠርሙሱን የሚከፍቱት ለንፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው። 50 እርምጃ ወዲያ ሌላ መኪና ያመጣቸው ቱሪስቶች ሙዝ እየበሉ ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ አስነጠሰ። ሳቄን ዋጥኩ።

ናሆም፦ ይኸውልህ! 2019 ላይ አንድ ቡድን ዳሎል ከቀዳው ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደጋግሞ ቀድቶ፣ በጣም አሲዳምና ጨዋማ የሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ያገኛት ትንሽ የዘረመል ምልክት ከላብራቶሪ ዕቃና ከጎብኚ የመጣች ትመስላለች ብሎ ጻፈ። ሴል የሚመስል ግን ማዕድን የሆነ ቅንጣትም አይቷል። በመኪና የሚደረስበት ቦታ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ማርስ ላይ አስቡት።

ጋሽ ታዬ፦ ናሆም፣ ምሳሌህ ለኔ ነው የሚመሰክረው። የዳሎሉ ክርክር የተጀመረው ሰው ስለሄደ፣ ወደፊት የሚሄደውም ሰው ደግሞ መቅዳት ስለሚችል ነው። ማርስ ላይ ግን ፐርሰቪራንስ የምትባለው ሮቦት 2024 ላይ እንደ ነብር ገላ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አግኝታ፣ ቆፍራ በቱቦ አሽጋዋለች። ነጠብጣቡን የጥንት ተሕዋስ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፣ ያለ ሕይወትም ኬሚስትሪ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። ለመለየት ናሙናው ላብራቶሪ መግባት አለበት። ቱቦው ግን እዚያው ነው የቀረው።

ናሆም፦ እንግዲያው ቱቦውን አምጡት። ሮቦት ሊያመጣው ይችላል።

ጋሽ ታዬ፦ በስንት? ናሳ ራሱ በ2024 ወጪው 11 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል፣ ናሙናውም ከ2040 በፊት አይመጣም አለ። እኔ እስከዚያ አልደርስም።

ናሆም፦ ዕድሜ ይስጥዎ ጋሼ። ግን ሰውን ልኮ መመለሱ ከዚህ ይረክሳል ብለው ነው? ደግሞ የፈሰሰ ባክቴሪያ አይታፈስም። መጀመሪያ ሮቦት ጨርሶ ይፈልግ፣ ከዚያ ሰው ይከተል። ቅደም ተከተሉን ነው የምለው።

ዮናስ፦ ጨርሶ የሚባል ነገር እኮ የለም፣ ፕላኔት ነው። ቆይ፣ ሰውየው ባያርፍስ? ማርስን እየዞረ ከላይ ሆኖ ሮቦቶቹን ይንዳ። 22 ደቂቃ መጠበቅ ቀረ፣ ባክቴሪያውም ከሰውየው ጋር ላይ ቀረ። ይህን የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉ።

ናሆም፦ ይህ ይስማማኛል።

ጋሽ ታዬ፦ እኔን አይስማማኝም። ከ6 ወር በላይ ተጉዤ መስኮት ላይ ልቀመጥ? ላሊበላ ድረስ ሄዶ መኪና ውስጥ መቅረት ነው።

ሜሮን፦ 😂 ይቅርታ ጋሼ፣ አነጋገርዎ ነው። እኔ ከናሆም ጋር ነኝ መሰለኝ፣ ነገ ልቀይር እችላለሁ። ከድር፣ ዳሎል መቼ ነው ጥሩው?

ከድር፦ ከኅዳር እስከ የካቲት። ሙዝሽን መኪና ውስጥ ትተሽ ትወርጃለሽ።